የስፖርት መኪና የሞተር ዘይት ሲግል፦ የእኔን እንዴት እንዳወረድኩት

የውሃው መርፌ መሃል ላይ ቆሞ ዘይቱ 140 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ይህን ብዙ የስፖርት መኪና ያለው ሰው አያውቅም፣ ቢሰማም ብዙ ቦታ አይሰጠውም። ዳሽቦርዱ ላይ የለመድነው የሙቀት መለኪያ የሚናገረው ሞተሩን ስለሚያቀዘቅዘው ውሃ ነው። ዘይቱ የራሱ ጠባይ አለው። ዘግይቶ ይሞቃል፣ ዘግይቶ ይበርዳል፣ አንዴ ከጋለ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም።

የእኔ መኪና ሞተሩ ከፊት ነው፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ተርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ ዕቃ) የለውም። ከፋብሪካ ሲወጣ የዘይት ኩለር (ማቀዝቀዣ) አልነበረውም። መንገድ ላይ ስነዳው ዘይቱ 95 እና 100 መካከል ይቀመጣል፣ ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም። ትራክ (የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ) ላይ ግን ሌላ መኪና ይሆናል። ከ5500 አርፒኤም (ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው ዙር) በላይ ይዤው ትንሽ ከቆየሁ ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይወጣል፤ 115፣ 122፣ 130፣ ቀኑ ሞቃት ከሆነ 138። ውሃው በዚህ ሁሉ ጊዜ 92 ላይ ነው፣ ንቅንቅ አይልም። ያንን 138 ወደ 115 አካባቢ ያወረድኩት በአንድ ዕቃ አይደለም። የገዛሁት ነገር አለ፣ ምንም ሳልገዛ ያገኘሁት ለውጥም አለ። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ዘይቱ ሲግልበት ቀጥታ ሄዶ ትልቅ ኩለር ይገዛና ለምን ያሰበውን ያህል እንዳልሠራለት ግራ ይገባዋል።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን እንያዝ። በተለመደ አነዳድ የሞተር ዘይት ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ቢሆን ጤነኛ ነው። ጥሩ ሲንተቲክ ዘይት ያለበት ሞተር በ120ም አይጨነቅም። ትራክ ላይ 125 እና 130 ማየት ያለ ነገር ነው። ከ130 ወዲያ ግን እኔ ነዳጅ መቀነስ እጀምራለሁ። የመኪናችሁ መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ገደብ ካስቀመጠ የእኔን ተዉትና እሱን ያዙ። አንዳንድ መኪኖች ዘይቱ የተወሰነ ሙቀት ሲያልፍ ኮምፒውተራቸው ራሱ ጉልበት ይቀንሳል ወይም አርፒኤም ይገድባል፤ ያኔ መኪናው "በቃኝ" እያለ ነውና ስሙት።

ከታች በኩልም ገደብ አለ። ዘይት በበረደ ቁጥር ጥሩ የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም። ሞተር በሚነድበት ጊዜ ጥቂት ውሃና ጥቂት ነዳጅ በፒስተኖቹ ጎን እያለፈ ወደ ዘይቱ ይገባል። እነዚህ ተንነው እንዲወጡ ዘይቱ በደንብ መሞቅ አለበት፤ አልፎ አልፎ ወደ 100 ዲግሪ መድረሱ ለሞተሩ ጤና ነው። ሁሌ 70 ላይ የሚንከላወስ ዘይት እያደር ይቆሽሻል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ፣ ገና ሳይሞቅ ሞተሩን ማስጮህ ከሚጎዱት ነገሮች አንዱ ነው። ውሃው 90 ስለደረሰ ዘይቱም ደርሷል ብላችሁ አትገምቱ። ዘይቱ ብዙውን ጊዜ የውሃውን እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ዘይቱ 80 ካላለፈ ከ3500 አርፒኤም በላይ አልሄድም።

ሙቀቱ ሲበዛስ ምን ያደርጋል? ዘይቱን ያቀጥነዋል። 100 ዲግሪ ላይ 11 ሴንቲስቶክስ (የዘይት ውፍረት መለኪያ) አካባቢ ውፍረት ያለው 5ደብሊው-30 ዘይት 130 ሲደርስ ወደ 6 ይወርዳል። ወደ ግማሽ ነው የወረደው። ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ከቤሪንጎቹ (ዘንጉ ከሚያርፍባቸው መደገፊያዎች) ጋር ብረት ለብረት እንዳይፋጭ የሚይዘው በመካከላቸው ያለች ስስ የዘይት ሽፋን ናት። ዘይቱ ሲቀጥን ያቺ ሽፋን ትሳሳለች፣ የዘይት ግፊቱም አብሮ ይወርዳል። አሁን በዚህ ላይ ረጅም ኩርባ ጨምሩበት፤ ዘይቱ ከሞተሩ ሥር ወደሚጠራቀምበት ገንዳ አንድ ጎን ይሸሻል፣ ፓምፑ ለቅጽበት አየር ይስባል። ቀጭን ዘይትና አየር የሳበ ፓምፕ አንድ ላይ ሲገናኙ ነው ሞተር የሚያልቀው። ብዙ ጊዜ ሙቀቱ ብቻውን አይገድልም፣ በሩን ግን እሱ ነው የሚከፍተው።

ሌላው ጉዳት ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ዘይት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ይበላሻል፤ ይህ ብልሽት ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ 130 ላይ የቆየ ዘይትና 100 ላይ የቆየ ዘይት ዕድሜያቸው አይወዳደርም። ይጠቁራል፣ አሲድ ያፈራል፣ ዝቃጭ ይሠራል። ሞተሩ ውስጥ ያሉ የጎማ ማሸጊያዎችም ይደርቃሉ። ከጊዜ በኋላ እዚህም እዚያም ዘይት ማላብ ሲጀምር "መኪናው አረጀ" ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የበላው ሙቀቱ ነው።

ሙቀቱ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ መፍትሔውን ግማሽ ያቀልለዋል። ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም፣ ማቀዝቀዣም ነው። ብዙ የስፖርት ሞተሮች ከፒስተኖቹ ሥር ዘይት የሚረጩ ትንንሽ አፍንጫዎች አሏቸው፤ ዘይቱ የፒስተኑን ሆድ መትቶ ሙቀቱን ይዞ ወደ ገንዳው ይወርዳል። ተርቦ ካለ ደግሞ የተርቦው ቤሪንግ ውስጥ ያልፋል፣ እዚያ ያለውን ሙቀት መገመት አያዳግትም። እስከ 1998 የተሠሩት በአየር የሚቀዘቅዙ ፖርሽ 911 ሞተሮች ራዲያተር ስላልነበራቸው ከአየሩ ቀጥሎ ዋናው አቀዝቃዣቸው ዘይቱ ነበር፤ ብዙዎቹ የፊት ጎማው አካባቢ የተቀመጠ የዘይት ኩለር ነበራቸው። በማዝዳ ሮታሪ ሞተሮች ውስጥም የሚሽከረከሩት ሮተሮች ከውስጥ የሚቀዘቅዙት በዘይት ነው። ሱዙኪ በ1985 ያወጣው ጂኤስኤክስ-አር 750 ሞተር ሳይክል ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በዘይት ነበር። ዘይት ይህን ያህል ሥራ ይሸከማል።

ከዚህ ሁሉ ዋናው ምንጭ ግን ፍትጊያ ነው፣ ፍትጊያ ደግሞ አርፒኤምን ይከተላል። ይህ ነጥብ ብዙ ሰው ያመልጠዋል። የውሃውን ሙቀት በዋናነት የሚወስነው ምን ያህል ነዳጅ እንደምታቃጥሉ ነው፤ ዘይቱን ግን ከምንም በላይ የሚያግለው ሞተሩ ከፍተኛ አርፒኤም ላይ የሚቆይበት ጊዜ ነው። አርፒኤሙ ሲጨምር የፍትጊያው ሙቀት ከእሱ በባሰ ፍጥነት ያድጋል። ለዚህ ነው ውሃው ቀጥ ብሎ ቆሞ ዘይቱ የሚሸሸው።

ወደ ሥራው ስንገባ፣ ምንም ከመግዛታችሁ በፊት የምታዩት ቁጥር ምን እንደሆነ እወቁ። አንዳንድ መኪኖች ዳሽቦርዳቸው ላይ የዘይት ሙቀት ያሳያሉ፣ ነገር ግን ቁጥሩ በሴንሰር የተለካ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ከሌሎች መረጃዎች ያሰላው ሊሆን ይችላል። ሴንሰር ካለም የት እንደተቀመጠ ለውጥ ያመጣል። ገንዳው ውስጥ ያለ ሴንሰር ዘይቱ ሥራውን ጨርሶ ሲወርድ ያለውን ሙቀት ያሳያል። ኩለር ከተገጠመ በኋላ ከኩለሩ መውጫ ወዲህ ያለ ሴንሰር ደግሞ ቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ የሚገባውን ነው የሚያሳየው። የአንዱን ሰው 120 ከሌላው 120 ጋር ማወዳደር ብዙ ክርክር ያስነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ኦቢዲ መሰኪያ (የመኪናው ኮምፒውተር መረጃ የሚነበብበት) ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃና የስልክ አፕ ካላችሁ፣ መኪናው የዘይት ሙቀቱን በዚያ በኩል የሚሰጥ ከሆነ በርካሽ ታገኙታላችሁ። የማይሰጥ ከሆነ ለብቻው ጌጅ መግጠም ነው።

ከሙቀቱ ጎን የግፊት ጌጅ ቢኖር ደግሞ እሱ ነው እውነቱን የሚናገረው። መካኒኮች የሚጠቀሙበት የቆየ ግምት አለ፤ ለእያንዳንዱ 1000 አርፒኤም 0.7 ባር ያህል ግፊት ይጠበቃል። 6000 ላይ 4 ባር አካባቢ ማለት ነው። ዘይቱ 130 ሆኖ ግፊቱ ይህን ከጠበቀ አልደናገጥም። 120 ላይ ሆኖ ግፊቱ ከወትሮው በግልጽ ከወረደ ግን ያኔውኑ ፍጥነት እቀንሳለሁ። ኩርባ ውስጥ መርፌው ለቅጽበት ዝቅ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ችግሩ ሙቀት ብቻ አይደለም፣ ዘይቱ ከፓምፑ መሳቢያ እየሸሸ ነው። መጀመሪያ የዘይቱን መጠን እዩ፣ ከዚያ ገንዳው ውስጥ የሚገባ መከለያ ያስፈልጋል። ዘይት ከልክ በላይ መሙላት መፍትሔ አይደለም፤ ክራንክሻፍቱ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም፣ ጭራሽ ሙቀት ይጨምራል። እኔ በዲፕስቲኩ (የዘይት መጠን መለኪያ ዘንግ) ከፍተኛው ምልክት ላይ ልክ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ ከዚያ አላልፍም።

አሁን ምንም ወጪ የሌላቸው። አንደኛ ማርሽ። ኩርባ ስወጣ በሦስተኛ 6500 ላይ ከማስጮህ በአራተኛ 5000 ላይ መሄድ ሰዓቴን እምብዛም አይጎዳውም፣ ዘይቱን ግን በግልጽ ያወርደዋል። የሁለቱን ልዩነት በራሴ መኪና አይቻለሁ፤ በተመሳሳይ ቀን፣ በተመሳሳይ ትራክ፣ አንድ ማርሽ ከፍ አድርጌ ስነዳ ሙቀቱ ስድስት ሰባት ዲግሪ ዝቅ ብሎ ነው የሚረጋው። ረጅም ቀጥታ መንገድ ላይ አርፒኤሙ ቀዩን እስኪነካ መጠበቅም አያስፈልግም።

ሌላው ከፊት ያለ መኪና ነው። ከኋላው ተጠግታችሁ ስትከተሉ የሚደርሳችሁ አየር ያነሰና የተረበሸ ነው፣ ከእሱ ሞተር የወጣ ሙቀትም አለበት። ማለፍ ካልቻላችሁ ራቅ በሉ፣ ወይም ቀጥታው ላይ አፍንጫችሁን ትንሽ ወደ ጎን አውጥታችሁ ንጹሕ አየር እንዲገባ አድርጉ። ውሃውም ዘይቱም ሲመለስ ታዩታላችሁ።

ሦስተኛው ጽዳት ነው። በኤሲው ኮንደንሰርና በራዲያተሩ መካከል ያለችው ጠባብ ክፍተት ውስጥ ቅጠል፣ ነፍሳት፣ የጎማ ፍርፋሪ ይጠራቀማል። ከፊት ስታዩት ንጹሕ ይመስላል፣ ሁለቱን ስትለያዩአቸው ግን ምንጣፍ የተነጠፈ ያህል ታገኛላችሁ። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ ውሃ አፍስሱበት፤ ኃይለኛ የውሃ ግፊት የራዲያተሩን ስስ ክንፎች ያጣምማል። ከሞተሩ ሥር ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛም አትጣሉት። አንዳንዱ "አየር እንዲገባ" ብሎ ያወጣዋል። አብዛኛውን ጊዜ ያ መሸፈኛ ከመኪናው ሥር የሚያልፈውን አየር ሥርዓት አስይዞ ሞቃቱ አየር ከሞተሩ ክፍል ተስቦ እንዲወጣ ያግዛል፤ ሲወጣ ራዲያተሩን አልፎ የሚመጣው አየር የሚሄድበት ያጣል።

ዘይቱ ራሱስ? ትራክ የሚወጣ መኪና ላይ በዘይቱ ስም መጨረሻ ያለውን ቁጥር (ለምሳሌ ከ30 ወደ 40) አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ፣ አምራቹ ከፈቀደ፣ ብልህነት ነው። የ40 ዘይት 130 ዲግሪ ላይ ያለው ውፍረት የ30 ዘይት 115 ላይ ካለው ጋር ይቀራረባል። ይህ ማለት ሙቀቱ ባይወርድም 15 ዲግሪ ያህል ትርፍ ገዛችሁ ማለት ነው። ግን ጠርሙሱ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉንም አይናገርም። የዘይቱን የመረጃ ወረቀት አውርዳችሁ ኤችቲኤችኤስ የሚለውን መስመር ፈልጉ። ዘይቱ በ150 ዲግሪ በፍጥነት በሚንሸራተቱ ክፍሎች መካከል ሲፈተግ ምን ያህል ውፍረት እንደሚይዝ የሚለካ ነው፣ በትክክል እኛ የሚያሳስበን ሁኔታ። ለ30 ደረጃ ዘይት ዝቅተኛው 2.9 ነው፤ ኤሲኢኤ (የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር) ኤ3/ቢ4 ወይም ሲ3 ደረጃ የሚል ዘይት ደግሞ 3.5 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። እኔ ከ3.5 በታች የሆነ ዘይት ይዤ ትራክ አልወጣም። በሌላ በኩል ወፍራም ዘይት ነጻ ስጦታ አይደለም። ፓምፑ እሱን ለመግፋት ይለፋል፣ ፍትጊያውም ትንሽ ሙቀት ይጨምራል፣ ጠዋት ሲነሳም ወደ ላይኛው የሞተር ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። ስለዚህ "50 ከሆነ ይበልጥ ይሻላል" የሚለው አይሠራም፤ ግፊቱ ጥሩ ከሆነ ባለበት ተዉት።

ይህን ሁሉ አድርጌ የእኔ መኪና ከ138 ወደ 130 አካባቢ ወረደ። ለሚቀረው ኩለር ያስፈልግ ነበር።

ኩለር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ዘይቱን በሞተሩ ውሃ የሚያቀዘቅዝ ነው። ትንሽ ነው፣ ቱቦ አይበዛበትም፣ ጠዋት ደግሞ ውሃው ቶሎ ስለሚሞቅ ዘይቱንም ያሞቅለታል። ለመንገድ መኪና ተወዳዳሪ የለውም። ድክመቱ ሙቀቱን አያጠፋውም፣ ወደ ራዲያተሩ ነው የሚያስተላልፈው፤ ራዲያተራችሁ ትርፍ አቅም ከሌለው አሁን ውሃው መጋል ይጀምራል። ሁለተኛው በአየር የሚቀዘቅዘው፣ ከፊት የሚገጠመው ነው። ኃይለኛ ነው፣ ግን ቱቦ አለው፣ ቦታ ይፈልጋል፣ በብርድ ቀን ደግሞ ከልክ በላይ ያቀዘቅዛል። እኔ ውሃዬ ችግር ባይኖርበትም ያለው ትርፍ ጠባብ ስለነበር የአየሩን መረጥኩ።

የአየሩን ከመረጣችሁ ያለ ቴርሞስታት (በሙቀት የሚከፈት ቫልቭ) አትግጠሙ። በዚህ ላይ አልደራደርም። የዘይት ፊልትሮው ሥር የሚገባው ሳንድዊች ፕሌት (የኩለሩ ቱቦዎች የሚያያዙበት ሳህን) ቴርሞስታት ያለውም የሌለውም አለ። ያለው 80 ዲግሪ አካባቢ እስኪደርስ አብዛኛውን ዘይት ወደ ኩለሩ ሳይልክ ቶሎ እንዲሞቅ ያደርገዋል። ጥቂት ዘይት ግን ሁሌም እንዲያልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ሲከፈት በረዶ የሆነ ዘይት በአንዴ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ። ስለዚህ ቱቦው ገና ሳይከፈት ለብ ቢልባችሁ አትደንግጡ። ፕሌቱን ስትገጥሙ የአሮጌው ፊልትሮ ማሸጊያ ጎማ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ አለመቅረቱን በጣታችሁ ዳስሳችሁ አረጋግጡ። ሁለት ጎማ ተደራርቦ ከቀረ ግፊት ሲመጣ ይፈነቅለውና ዘይቱ በአጭር ጊዜ ውስጥ መሬት ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ፣ የአየሩ መንገድ። ባለ 19 ረድፍ ኩለር ከፊት ባምፐሩ በስተጀርባ፣ በቀኝ በኩል፣ ከፊት ጎማው ፊት ለፊት ነው የገጠምኩት። ራዲያተሩ ፊት ለፊት አላደረግኩትም፣ ምክንያቱም ከኩለሩ የሚወጣው የጋለ አየር በቀጥታ ራዲያተሩ ውስጥ ይገባል። ባምፐሩ ላይ መግቢያ ቀዳዳ ነበረው፣ አየር ይመታዋል ብሎ መገመት ቀላል ነው። ኩለሩ ብቻውን ተገጥሞ ሲሞከር የወረደው አራት ዲግሪ ያህል ነበር። በቃ። ያን ያህል ዕቃ ለአራት ዲግሪ!

ምክንያቱን ለማወቅ ቀጫጭን የክር ቁራጮች በኩለሩ ዙሪያ በቴፕ ለጠፍኩና አንድ ትንሽ ካሜራ ባምፐሩ ውስጥ አስገብቼ ነዳሁ። ቪዲዮው ሁሉንም ተናገረ። ከኩለሩ ፊት ያሉት ክሮች ወደ ውስጥ አይደለም የሚነፍሱት፣ ወደ ጎን ነው። አየሩ መግቢያው ጋ ይደርሳል፣ ኩለሩን ሲያይ በዙሪያው ባለው ክፍተት ሾልኮ ያልፋል። ከኩለሩ ኋላ ያሉት ክሮች ደግሞ ጭራሽ አይንቀሳቀሱም፤ ኋላው የጎማው መሸፈኛ ፕላስቲክ ነው፣ ዝግ ግድግዳ። አየር መግቢያ ቢኖረውም መውጫ ከሌለው አይገባም።

ሁለት ነገር አደረግኩ። መጀመሪያ ከስስ የአልሙኒየም ቆርቆሮ ከባምፐሩ ቀዳዳ ጫፍ እስከ ኩለሩ ጠርዝ የሚደርስ መግቢያ ሠራሁ፣ ከኩለሩ ጋር በሚገናኝበት በአራቱም ጎን ሙቀት የሚችል ስፖንጅ አስገባሁ። መብራት ከውስጥ አድርጌ ከውጭ እያየሁ ብርሃን የሚያልፍበትን ሁሉ ደፈንኩ፤ ብርሃን ካለፈ አየርም ያልፋል። መግቢያው ከኩለሩ ፊት ማነሱ ችግር የለውም፣ ወደ ኩለሩ ሲጠጋ እየሰፋ ከሄደ አየሩ ረጋ ብሎ ሙሉውን ፊት ይሸፍናል። ሁለተኛ፣ የጎማውን መሸፈኛ ፕላስቲክ ከኩለሩ ኋላ ባለው ቦታ ቆርጬ ወደ ኋላ ያዘነበሉ ክፍተቶች ያሉት ሳህን ገጠምኩበት። ጎማው አካባቢ መኪናው ሲሮጥ ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ አየሩን ይስበዋል። የመውጫው ስፋት ከመግቢያው እንዲበልጥ አድርጉ፣ ምክንያቱም አየሩ ከሞቀ በኋላ ይሰፋል። መሪውን እስከ መጨረሻ በሁለቱም በኩል አዙራችሁ ጎማው የትም እንደማይነካ አረጋግጡ፣ መኪናው ዝቅ ብሎ እያለ ጭምር።

ከዚያ በኋላ ያው ኩለር፣ ያው ዘይት፣ ተመሳሳይ ሙቀት ያለው ቀን፣ ዘይቱ 115 እና 117 መካከል ረጋ። ኩለሩን ወደ 25 ረድፍ ላሳድገው አስቤ ነበር፣ አላስፈለገም። እንዲያውም ትልቅ ኩለር አየር ሳያገኝ ከሚቀመጥ ትንሹ አየር አግኝቶ ቢሠራ በብዙ ይሻላል።

የኮፈኑን የኋላ ጫፍ በዋሸር ከፍ አድርገው ሞቃት አየር እንዲወጣ የሚሞክሩ አሉ። መኪናው ሲቆም ይወጣል። ሲሮጥ ግን ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው ቦታ ከፍተኛ ግፊት ያለበት ነው፣ ስለዚህ አየር ከመውጣት ይልቅ ወደ ሞተሩ ክፍል ሊገባ ይችላል። ኮፈን ላይ መውጫ መሥራት ከፈለጋችሁ ወደ ፊት፣ ከራዲያተሩ ትንሽ ኋላ አድርጉት።

ስለ ቱቦዎቹ ባጭሩ። ቁጥር 10 የሚባለው፣ ውስጡ 14 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነው፣ ለአብዛኛው ሞተር ይበቃል። ከቀጠነ ግፊት ይበላል። ከጭስ ማውጫ አርቁት፣ ቆርቆሮ በሚያልፍበት ቦታ ሁሉ የጎማ መከለያ አድርጉለት፤ ሽቦ የለበሰ ቱቦ የነካውን ሁሉ እንደ መጋዝ ነው የሚበላው። ኩለሩን ስታስቀምጡ የቱቦ መግቢያዎቹ ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን ይሁኑ። ወደ ታች ከሆኑ አየር ከላይ ታፍኖ ይቀራል። መጋጠሚያውን ስታጠብቁ በሁለት መፍቻ፣ አንዱ ኩለሩን ይዞ ሌላው የሚያዞር። በአንድ መፍቻ ከተጫናችሁት ስሱ አልሙኒየም ይጣመምና ይሰነጠቃል።

ሥራው ሲያልቅ በቀጥታ አታስነሱት። ኩለሩና ቱቦዎቹ ባዶ ናቸው። የነዳጅ ፓምፑን ፊውዝ አውጥታችሁ፣ ሞተሩ ሳይነሳ በማስነሻው ብቻ ጥቂት ጥቂት እያረፋችሁ አዙሩት፣ ግፊት እስኪያሳይ። ከዚያ ፊውዙን መልሱ፣ አስነሱ፣ ቴርሞስታቱ እስኪከፈት አሙቁት፣ አጥፍታችሁ ዘይቱ ከወረደ በኋላ ለኩ። እኔ አንድ ሊትር ያህል ጨምሬአለሁ፤ የእናንተ እንደ ኩለሩና እንደ ቱቦው ርዝመት ይለያያል።

አሁን ትራክ ላይ እንዲህ ነው የምነዳው። 125 ካለፈ ማርሽ ከፍ አደርጋለሁ። 130 ካለፈ አንድ ሙሉ ዙር ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ በከፍተኛ ማርሽ፣ በዝቅተኛ አርፒኤም፣ አየሩ ግን እየመታው። ወዲያው ገብቶ መቆም አይረዳም፤ አየር ይቋረጣል፣ ብረቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ሁሉ ወደ ዘይቱ ይመጣል። ተርቦ ላላቸው ይህ ይበልጥ ይመለከታቸዋል፣ ሞተሩ በድንገት ሲጠፋ ተርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት እዚያው ተቃጥሎ ወደ ከሰልነት ይለወጣል። 140 ካየሁ ደግሞ የዚያን ጊዜ ሩጫ አልቋል።

ዘይቱን በኪሎሜትር ብቻ አልቆጥርም። ትራክ ከወጣ ዘይት ጋር መመሪያው የሚለውን ሙሉ ርቀት አልሄድም፣ ግማሹን ሳልደርስ እቀይራለሁ። አንድ ጊዜ ያገለገለውን ዘይት ናሙና ላቦራቶሪ ማስመርመርም ዋጋ አለው። ውፍረቱ ምን ያህል እንደወረደ፣ ነዳጅ ገብቶበት እንደሆነ፣ የቤሪንግ ብረት መታየት አለመታየቱን ይነግራችኋል፤ ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩ ሞተሮች ላይ ቅጥነቱ ከሙቀት ብቻ ሳይሆን ከነዳጅም ሊመጣ ይችላል።

ከእያንዳንዱ የትራክ ቀን በኋላ ሞተሩ በረድ ሲል በመብራት መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አያለሁ። ነጭ ወረቀት ጠቅልዬ ከሥራቸው አሻሻለሁ፤ ዓይን የማያየውን እርጥበት ወረቀቱ ያሳያል። እርጥብ ከሆነ አጠብቃለሁ፣ አሁንም ካረጠበ ፈትቼ የማሸጊያ ጎማውን እቀይራለሁ፣ "ትንሽ ነው" ብዬ አላልፈውም። የሞተር ዘይት ትነቱ ከ200 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ሲል እሳት መያዝ ይጀምራል፣ በደንብ የተነዳ መኪና የጭስ ማውጫ ደግሞ ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ቱቦዎቹን በእጄ እየዳበስኩ የተላጠ ቦታ እፈልጋለሁ፣ በተለይ ቆርቆሮውን የሚያልፉበትን። የእሳት ማጥፊያውም ከሹፌሩ ወንበር ፊት፣ እጄ በሚደርስበት ቦታ ታስሯል።